ከትእዛዝ መስመር እስከ ኮንስትራክተር

ተርሚናል ላይ «ጃቫ ጉዞ ዘጌ 12» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ከፕሮግራሙ ስም (ጉዞ) ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ነገሮች በቀጥታ ወደ ኮንስትራክተሩ (ከክላስ፣ ማለትም ከንድፍ፣ ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) የሚሄዱ ይመስላል። አይሄዱም። ጃቫ የሚያስረክባቸው ለሜይን (ፕሮግራሙ ለሚጀምርበት ሜተድ) ብቻ ነው፤ አርግስ በሚባለው የስትሪንግ አሬይ፣ ማለትም በጽሑፎች ዝርዝር። ከዚያ አውጥቶ ለኮንስትራክተሩ መስጠት የእናንተ ሥራ ነው።

ከባሕር ዳር ወደብ የሚነሳ ጀልባ እንፍጠር። ኮንስትራክተሩ መድረሻውን በስትሪንግ፣ የተሳፋሪውን ብዛት በኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይቀበላል። የአሬይ ቆጠራ ከዜሮ ስለሚጀምር አርግስ ዜሮ ላይ «ዘጌ» አለ (በሲ ቋንቋ ዜሮኛው ቦታ የፕሮግራሙ ስም ነው፤ በጃቫ ግን አይደለም)። አርግስ አንድ ላይ ያለው 12 ቁጥር ይምሰል እንጂ ጽሑፍ ነው። እንዳለ ብትሰጡት ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) አይቀበልም። በኢንቲጀር ፓርስኢንት ወደ ቁጥር ቀይሩትና ከኒው (ኦብጀክት ከሚፈጥረው ቃል) ቀጥሎ ባለው ቅንፍ ውስጥ በኮንስትራክተሩ ቅደም ተከተል አስገቡት።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው ክፍት ቦታ ላይ ነው። በዘጌ ፈንታ ክብራን ገብርኤል ብትሉ ክፍት ቦታ ስለሚለያያቸው አርጉመንቱ (ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው) ሦስት ይሆናል፤ አርግስ አንድ «ገብርኤል» ላይ ያርፍና ፓርስኢንት ነምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን (ጽሑፉ ቁጥር አይደለም የሚል ስሕተት) ይወረውራል። መፍትሔው ስሙን በኪቦርዱ ድርብ ጥቅስ ማቀፍ ነው፤ የአማርኛው « » እዚህ አይሠራም። ምንም ሳትጽፉ ካስኬዳችሁት ደግሞ አሬይ ኢንዴክስ አውት ኦፍ ባውንድስ (አሬዩ ውስጥ የሌለ ቦታ ተጠየቀ የሚል ስሕተት) ይመጣል፤ አስቀድማችሁ የአርግስን ሌንግዝ (ርዝመት) ፈትሹ።

አርግስን እንዳለ ለኮንስትራክተሩ የሚሰጡም አሉ። ይሠራል፤ እኔ ግን አልወደውም። ነገ መረጃው ከፋይል ቢመጣ ክላሱን መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።