የድሬዳዋ ምክር ቤትና ታዳሽ ኃይል፦ በእጁ ያለውና የሌለው

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ቀጥሎም ተጠሪነቷ በቀጥታ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ሁለተኛዋ ከተማ ናት። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በወጣው ቻርተር መሠረት የራሷ ምክር ቤት፣ ከንቲባና አስፈጻሚ አካላት አሏት። አስተዳደሩ ከ9ኙ የከተማ ቀበሌዎች ሌላ 38 የገጠር ቀበሌዎችን ያቅፋል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 341,834 ነዋሪ የነበረው ሲሆን ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ከተሜዎች ነበሩ።

ስለ ዘላቂ ልማትና ስለ ታዳሽ ኃይል የሚነገሩት ግቦች በአብዛኛው ከላይ የወረዱ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። በ2004 ዓ.ም. ሀገሪቱ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ አደረገች፤ በ2011 ደግሞ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ተጀመረ። ከተማ የሚያወጣው ዕቅድ እነዚህን ተከትሎ ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የድሬዳዋ ምክር ቤት በራሱ ሥልጣን ሊወስን የሚችለው የትኛውን ነው?

ኤሌክትሪክን አይደለም። ማመንጨቱና በከፍተኛ መስመር ማስተላለፉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉና መሸጡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ ሁለቱም የፌዴራል ተቋማት ናቸው። ደግነቱ ከሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ድሬዳዋ የምታገኘው መብራት ከድሮም ታዳሽ ነው። በ2004 የተመረቀው ወደ ጅቡቲ ኃይል የሚወስደው መስመር የሚነሳውም ከዚሁ ከድሬዳዋ ነው። ከ2010 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው አዲሱ ባቡርም የናፍጣውን ዘመን ትቶ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የኃይሉ ንጽሕና የሚያጨቃጭቅ አይደለም፤ ችግሩ ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ቆጣሪው ባለው መንገድ ላይ ነው። ትራንስፎርመር በተቃጠለ ቁጥር በሱቅ በራፍ የሚነሳው የጄኔሬተር ጭስ የዓባይን ንጹሕ መብራት ተክቶ የመጣ ናፍጣ ነው።

ምክር ቤቱ በእርግጥ ሥልጣን ያለው በውኃ ላይ ነው፤ ከኃይል ጋር የሚተሳሰረውም በዋናነት በዚሁ በኩል ነው። ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ደቻቱ ከዝናብ ወቅት ውጪ ደረቅ አሸዋ ነው። የመጠጥ ውኃው የሚወጣው ከሳቢያንና ከሌሎች የጉድጓድ መስኮች ነው። ስለዚህ ፓምፕ ካልዞረ ቧንቧ ጠብ አይልም። መብራት ሲጠፋ ውኃም አብሮ ስለሚጠፋ ነው የቻለ በጣሪያው ላይ ሮቶ፣ ያልቻለ በግቢው ጀሪካን የሚደረድረው። ነገሩ በሐረር ይብሳል። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ አጠገብ ካለው ከአሰሊሶ እንድታስመጣ ተደረገ። ውኃው በደንገጎ ተራራ በኩል ወደ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ መገፋት አለበት። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 50 ጀሪካን ውኃ፣ ይህን ያህል ለማውጣት ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ሲታከልበት 4 ገደማ ይደርሳል። በሁለቱ ከተሞች የውኃ ሂሳብ ውስጥ የመብራት ሂሳብ ትልቅ ቦታ አለው።

ለዚህ ነው ለፀሐይ ኃይል በዚህ አካባቢ ከመንገድ መብራት ይልቅ ፓምፕ የሚስማማው። ፓምፑ ቀን ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ውኃውን ወደ ማጠራቀሚያ ይሞላል፤ ሌሊት ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ውድ የሆነው ባትሪ አያስፈልግም። የመንገድ መብራት ግን የሚሠራው በጨለማ ስለሆነ በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ባትሪ ይጠይቃል፤ ባትሪ ደግሞ የድሬዳዋን ሙቀት አይወድም። ምሰሶው ለምረቃ ያምራል፣ ፎቶም ይወጣለታል። በጀቱ ለገጠር ቀበሌዎቹ የናፍጣ ፓምፕ መተኪያ ቢውል ግን የሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣል።

የፀሐዩ መጠን አያጠያይቅም፤ በዚህ ቆላ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወርዳል። ሶላር የሚፈልገው ግን ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። የፓነል አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ሲሆን ከዚያ በላይ በሚጨምር በእያንዳንዱ ዲግሪ ምርቱ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ይቀንሳል። በግንቦት ቀትር ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 60 ዲግሪ የደረሰ ፓነል ከአሥር በመቶ በላይ አቅሙን አጥቷል ማለት ነው። በቆርቆሮውና በፓነሉ መካከል አየር የሚያሳልፍ ስንዝር ክፍተት መተው ከዚህ ኪሳራ የተወሰነውን ያስቀራል። ሌላው አቧራ ነው። ይታጠብ ቢባል የድሬዳዋ ውኃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ ጨው ይበዛበታል። የማንቆርቆሪያን ውስጥ በነጭ ቅርፊት የሚሸፍነው ውኃ መስተዋት ላይ ሲደርቅም ያንኑ ነጭ እድፍ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ማለዳ ሳይግል ታጥቦ ወዲያው በጨርቅ መድረቅ አለበት። በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያም በዚሁ ቅርፊት ይደፈናል። መቼም በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሮቶው ራሱ ሳይጠየቅ የፈላ ውኃ በሚሰጥበት ከተማ ማሞቂያ ብዙ ፈላጊ የለውም።

ሙቀቱን ለመቋቋም ከቬንትሌተር በፊት የነበረው መላ ጥላ ነው። ከዚራ የተባለው ሰፈር በባቡሩ ዘመን በፕላን ሲሠራ መንገዶቹ በዛፍ ታጅበው ነበር፤ ዛሬም ከመጋላ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ወደዚያ የተሻገረ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ቀይ አበባ የሚያፈሰው ዛፍ በሌላው የሀገሪቱ ክፍል «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ ይጠራል። ችግኝ መትከል፣ ማጠጣት፣ መንገድ ሲሰፋም አሮጌውን ዛፍ ማትረፍ ሙሉ በሙሉ በከተማው እጅ ያለ ሥራ ነው። በዘመቻ መትከል ቀላል ነው፤ በበጋ ለችግኙ የሚደርሰው ውኃ ግን ከዚያው ከተጨናነቀው ጉድጓድ ነው የሚቀዳው።

ደቻቱ የዚህ ታሪክ አስከፊው ገጽ ነው። በ1998 ክረምት ከደጋው ዝናብ የተነሳው ጎርፍ በሌሊት ከተማዋን መትቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንቦች ተሠሩ። ውኃው የሚሰበሰበው ግን ከላይ ከምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ነው። እዚያ እርከን ይሠራ፣ ዛፍ ይተከል ብሎ ማዘዝ የኦሮሚያ ክልል ድርሻ እንጂ የድሬዳዋ ምክር ቤት አይደለም፤ ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ተፋሰስ ዕቅድ ካልሠሩ ግንቡ ብቻውን የሚችለው ውስን ነው።

በትራንስፖርት በኩል ከተማዋ የባጃጅ ከተማ ናት። መሬቱ ሜዳማ፣ ጉዞው አጭር ስለሆነ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ከሐረር ዳገት ይልቅ እዚህ ይመቸዋል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚያዞረው ሰው በዝቷል። የታሪፍ፣ የመስመርና የማቆሚያ ቦታ ውሳኔ የአስተዳደሩ ስለሆነ ለኤሌክትሪኩ ቅድሚያ መስጠት አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም።

ብዙም የማይነሳው ከሰል ነው። ኤሌክትሪኩ ንጹሕ ቢሆንም ወጡና ቡናው የሚፈላው በብዙ ቤት በከሰል ነው፤ ከሰሉም ከዙሪያው ቆላ ቁጥቋጦ ይመጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ በድሬዳዋ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ መጤ ዛፍ ወደ አፋርና ወደ ሶማሌ ክልል ተዛምቶ የግጦሽ መሬት እየዋጠ ነው። ይህን አረም አክስሎ መሸጥ የግራሩን ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል፤ ግን ከሳዩ ፕሮሶፒሱን ብቻ እንዲቆርጥ የሚቆጣጠር ከሌለ ግራሩም አብሮ ይሄዳል። ከሰሉን በኤሌክትሪክ ምድጃና ምጣድ ለመተካት ደግሞ ሰፈሩ የሚችል መስመር ያስፈልጋል፤ አንድ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል፣ ጎረቤት ሁሉ ጠዋት አብሮ ሲጋግር ደግሞ ትራንስፎርመሩ አይችልም።