መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ለሚጀምሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በመስከረም «ዘንድሮ ጨርሼ አነበዋለሁ» ብሎ ተነሥቶ ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ የቀረው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያስቆመው ስንፍና አይደለም፤ ስለ አነባበቡ ከዚህም ከዚያም የሰማው ነገር ነው።

«ከዘፍጥረት ጀምሬ በተራ ካልሄድኩ አይገባኝም»

የመጻሕፍቱ አቀማመጥ ሁልጊዜ የዘመን ቅደም ተከተል አይደለም። አሞጽ ከኤርምያስ በፊት የነበረ ነቢይ ነው፤ መጽሐፉ ግን ከኤርምያስ በኋላ ይገኛል። ጳውሎስ ለአብያተ ክርስቲያናት የላካቸው መልእክቶችም በጥቅሉ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ተደረደሩ እንጂ ሮሜ መጀመሪያ የመጣው ቀድሞ ስለተጻፈ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤትም ቢሆን ፊደል የለየ ልጅ የሚሰጠው የዮሐንስ መልእክት ነው፤ ዘፍጥረት አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ይጀምሩ፤ ከአራቱ አጭሩ ነው፣ 16 ምዕራፍ። ሌዋውያን የትም አይሄድም።

«81ዱን ልያዝ ወይስ 66ቱን? መጀመሪያ ይህ ይለይልኝ»

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ትቀበላለች፣ ካቶሊኮች 73፣ ፕሮቴስታንቶች 66። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ግን አራቱ ወንጌላት በሁሉም ዘንድ አሉ። እነሱን ሳያነቡ በቁጥሩ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

«ጥቅሱ ብቻውን ይበቃል»

ከሁሉም የሚጎዳው ይኼ ይመስለኛል። «ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም እንኳ ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል» የሚለውን የሱቅ ግድግዳ ላይም፣ የምረቃ ካርድ ላይም አይተውት ይሆናል፤ ኢዮብ 8፥7 ነው። ተናጋሪው ማን ነው? እግዚአብሔር አይደለም፣ ነቢይም አይደለም፤ የኢዮብ ወዳጅ በልዳዶስ ነው። ከፍ ብለው ቁጥር 4ን ይመልከቱ፦ ልጆቹን የቀበረውን አባት «ልጆችህ በድለው ይሆናል የጠፉት» እያለው ነው። ቀጥሎም «ንጹሕ ከሆንክ ይመለስልሃል» ይለዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚናገር ሰው ቢመጣ ማን ያስቀምጠዋል? ምዕራፍ 42፥7 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ኤልፋዝንና ሁለቱን ባልንጀሮቹን ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ይቆጣቸዋል፤ በልዳዶስ ከሁለቱ አንዱ ነው። የሚገርመው፣ የኢዮብ ፍጻሜ እውነትም ከጅማሬው በልጧል፤ በልዳዶስ ባሰበው መንገድ ግን አይደለም። ይህን ሁሉ ከግድግዳው ላይ ማን ያነበዋል?

ኤርምያስ 29፥11ም እንዲሁ ነው። ስለ ሰላምና ስለ ተስፋ የሚናገረው ያ ጥቅስ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ከተላከ ደብዳቤ የተወሰደ ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ቢሉ 70 ዓመት ይላል። ሲሰሙት አዋቂ ከነበሩት አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩም ማለት ነው።

ጸሐፊዎቹ ቁጥር እየሰጡ አልጻፉም። ዛሬ የምናውቀው የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል የመጣው ሮበርት ኤስቲየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ቁጥሩ ቦታ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ሐሳብ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ግን ሁልጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ቢያንስ ምዕራፉን ሙሉ ያንብቡ፤ ማን ለማን እንደሚናገር ሳይለዩ አይለፉ።

«የተጻፈው ሁሉ አድርጉት ተብሎ ነው»

መሳፍንት 11 ላይ የእስራኤል መሪ የነበረው ዮፍታሔ ከቤቴ ወጥቶ የሚቀበለኝን እሠዋለሁ ብሎ በችኮላ ተሳለ፤ ስእለቱም በገዛ ልጁ ላይ ወደቀ። ታሪኩ ተተረከ እንጂ አልተመሰገነም። መጽሐፉ ራሱ የሚዘጋው ሰው ሁሉ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ ነበር በሚል ትዝብት ነው።

«ሊቅ ካልሆንኩ አይገባኝም» / «ማንም አያስፈልገኝም»

ሁለቱም አያስኬዱም። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ሳይገባው ማንበቡን አላቆመም፤ ወንጌል ሰባኪው ፊልጶስ «ይገባሃልን?» ብሎ ሲጠይቀውም የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። የእኛው የአንድምታ ትርጓሜም ለአንዱ ንባብ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ፍች ይደረድራል፤ ከመምህር እግር ሥር የሚኬደውም ለዚህ ነው። ያልገባዎትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ይጠይቁ።

«የዮሐንስ ራእይ ዜና እያዩ የሚፈታ ነው»

መጽሐፉ በትንሿ እስያ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ ለነበሩ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት የተላከ ነው። ምስሎቹን ለመረዳት ከዜናው ይልቅ ብሉይ ኪዳን ይቀርባል። ሕዝቅኤል 1ን አስቀድመው ካነበቡ ራእይ 4 ላይ ያሉት አንበሳውና ላሙ፣ ሰውና ንስሩ እንግዳ አይሆኑብዎትም።