በካንቶን ማዕድ ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች

ለንግድ ወደ ደቡብ ቻይናዋ ከተማ ወደ ጓንግዡ የሚመጡ የአገራችን ሰዎች ዕቃ ከሚያቀርቡላቸው ቻይናውያን ጋር እራት ሲቀመጡ በአስተርጓሚነት አብሬ እገኛለሁ። ጋባዦቹ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ከፍ ያለ የካንቶን፣ ማለትም የጓንግዡና የአካባቢዋን ምግብ የሚሠራ፣ ምግብ ቤት ነው፤ ከማዕዱ ስንነሣ ግን «ቅመም የሌለው ቅቅል ዓሣ ይህን ያህል ያስከፍላል?» የሚል ጥያቄ ሳልሰማ ያለፍሁበት ምሽት ጥቂት ነው። ያ ዓሣ ለእንግዳው ከቀረቡት ምግቦች ሁሉ የከበረው በመሆኑ አነጋገሩ ያሳዝነኛል።

ዓሣው ቅቅል አይደለም፤ በእንፋሎት የበሰለ ነው። በሕይወት እያለ ከገንዳው ይወጣል፤ በደህና ቤት አስተናጋጁ ወደ ወጥ ቤት ከመውሰዱ በፊት ለጋባዡ ያሳየዋል። እንደ ክብደቱ ከስምንት እስከ ዐሥር ደቂቃ ያህል በኃይለኛ እንፋሎት ከበሰለ በኋላ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመው ውኃ ይደፋል፤ በቀጭኑ የተከተፈ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ይነሰነስበታል፤ የጋለ ዘይት ይፈስስበታል፤ በመጨረሻም ቀለል ያለ የአኩሪ አተር ስጎ ይጨመርለታል። እንፋሎቱ ላይ ከልኩ ጥቂት ካለፈ ይደርቃል፤ ሞቶ የሰነበተ ዓሣ ከሆነ ደግሞ ሽታውን የሚሸፍንለት ነገር ስለሌለ ወዲያው ይታወቃል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለዓሣው ትኩስነትና ደቂቃውን ለማይስተው ባለሙያ ነው። ቁርጥ የሚያውቅ ሰው በሥጋው እንጂ በአዋዜው እንደማይፈርድ ሁሉ፣ የካንቶን ተመጋቢም ዓሣውን የሚመዝነው በራሱ በዓሣው ጣዕም ነው። ይህ አበሳሰል ሙያ የለውም የሚል ካለ፣ ምግብ ቤቶችን በኮከብ በሚመዝነው በሚሼሊን መመሪያ የ2009 እ.ኤ.አ. እትም ከፍተኛውን ሦስት ኮከብ በማግኘት ከቻይና ምግብ ቤቶች ቀዳሚ የሆነው የሆንግ ኮንጉ ሉንግ ኪንግ ሂን የካንቶን ምግብ ቤት መሆኑን ይወቅ።

አንድ ነጋዴ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ስላልተላቀቀ «ጥሬ ነው» ብሎ ዓሣውን አስመለሰ። ጥቂት መያዙ በትክክል የመብሰሉ ምልክት እንደሆነ ብነግረውም አልተቀበለኝም። ዓሣው ሁለተኛ ሲመጣ ደርቆ ነበር፤ ጋባዡም ከትሕትና የተነሣ ዝም አለ እንጂ ደግሞ አልጎረሰለትም። በርበሬ የሚፈልግ ሰው በትንሽ ሳህን ለብቻው ያስመጣ፤ አስቀድሞ ግን እንዳለ ይቅመሰው።

የቻይና ምግብ ሁሉ ያቃጥላል የሚባለው የሁለት ክፍላተ ሀገርን፣ የሲቹዋንንና የሁናንን፣ ምግብ ለመላው አገር ከመስጠት የመጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ስሕተት «ዶሮ ወይም አትክልት ካዘዝሁ አሳማ አይነካኝም» የሚለው ነው። የካንቶን ወጥ ቤት መሠረት ከአሮጊት ዶሮ፣ ከቀይ የአሳማ ሥጋና ከጂንኋ ከተማ ከሚመጣው በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን ለብዙ ሰዓት ተንተክትኮ የሚወጣው መረቅ ነው፤ ይህም መረቅ በሾርባው፣ በአትክልቱና በውዶቹ የባሕር ምግቦች ውስጥ ይገባል። በሽሪምፕ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሲዩ ማይ የተባለው ጥቅልል አብዛኛውን ጊዜ አሳማ አለበት፤ ብዙ ኬኮችም በአሳማ ስብ ይጋገራሉ። ማዕድ ላይ ተቀምጦ «አሳማ አልበላም» ማለት መረቁን ከድስቱ አያወጣውምና ነገሩን ጠረጴዛ ሲያዝ ተናገሩ። ለጾመኛ የሚሻለው የቡድሂስቶችን የጾም ምግብ ማዘዝ ነው፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ ስለ እንቁላልና ወተት ግን ለብቻው ጠይቁ። ሙስሊም እንግዳ ካለ ድስቱም መጥበሻውም አንድ ስለሆነ፣ ጋባዡ ሐላል ምግብ ቤት እንዲመርጥ አስቀድሞ ማሳሰብ ነውር የለውም።

ሩዙ የዘገየው ተረስቶ አይደለም፤ በግብዣ ሩዝ ወይም ኑድል የሚቀርበው ወደ መጨረሻው ነው። ዲም ሰም የሚባሉት ከሻይ ጋር በትንንሽ ሳህን የሚቀርቡ ምግቦች በልማዳቸው የጠዋትና የምሳ እንጂ የእራት አይደሉም። ሻይ ሲቀዳላቸው ቻይናውያን ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ የሚያደርጉት ለማመስገን ነው፤ ትዕግሥት በማጣት የተደረገ የሚመስላቸው አሉ። ሻዩም በነጻ አይደለም፤ በሰው ልክ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ከባሕር ምግብ ጎን የሚጻፈው ቁጥርም የአንድ ሙሉ ዓሣ ዋጋ አይደለም። በጓንግዡ ብዙውን ጊዜ የ500 ግራም ዋጋ ነው፤ ለውዶቹ ዓይነቶች ደግሞ የ50 ግራም ሊሆን ይችላል። ተራችሁ ደርሶ እናንተ ጋባዥ ስትሆኑ፣ ዓሣው በሕይወት እያለ አስመዝናችሁ ጠቅላላ ዋጋውን ጠይቁ፤ አስተናጋጁ በዚህ አይቀየምም።