አብርሃም ክሬይንሰን፦ ደሴት መስላ ያመለጠችው መርከብ

አብርሃም ክሬይንሰን የኔዘርላንድስ ባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ነበረች። ስሟ የተወሰደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሱሪናምን ከእንግሊዞች ከነጠቀ የባሕር አዛዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ውኃ ወረደች፤ በዓመቱ ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 56 ሜትር ገደማ ሲሆን 45 ያህል ባሕረኞች ነበሯት።

ፈንጂ ጠረጋ ብዙ የማይወራለት ሥራ ነው። መርከቧ ከኋላዋ የብረት ገመድ እየጎተተች ትሄዳለች። ገመዱ ፈንጂውን ከባሕሩ ወለል ጋር ያሰረውን ማሰሪያ ይቆርጠዋል። ፈንጂው ሲንሳፈፍ ተኩሰው ያመክኑታል። ለዚህ ደግሞ ፍጥነትም ሆነ ትልቅ መድፍ አያስፈልግም። ክሬይንሰንም በሰዓት ከ28 ኪሎ ሜትር ብዙም አትዘልም። የጦር መሣሪያዋ አንድ አነስተኛ መድፍና ሁለት ፀረ አውሮፕላን መትረየሶች ነበሩ።

ጣጣው የመጣው በ1942 መጀመሪያ ነው። ጃፓን የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ እየወረረች ነበር። በፌብሩዋሪ 27 የተባበሩት ኃይሎች መርከቦች በጃቫ ባሕር ውጊያ ክፉኛ ተመቱ። የተረፉት ወደ አውስትራሊያ እንዲሸሹ ታዘዙ። ክሬይንሰን ያኔ በጃቫ ደሴት ወደብ ሱራባያ ነበረች። የጃፓን አጥፊ መርከቦች ፍጥነት ከእሷ እጥፍ ይበልጣል፤ ሰማዩም በእነሱ አውሮፕላኖች ተይዟል። መዋጋትም ሮጦ ማምለጥም አትችልም ነበር፤ የቀራት መደበቅ ብቻ ነው።

ባሕረኞቹ በአቅራቢያው ካሉ ደሴቶች ዛፍና ቅርንጫፍ ቆርጠው መርከቧን ሸፈኗት። ቅጠል ያልደረሰበትን ብረት ድንጋይ እንዲመስል ቀቡት። ግን ደሴት ሲጓዝ ከታየ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ቀን ቀን ከዳርቻ ተጠግታ ድምፅዋን አጥፍታ ትቆማለች፤ ሌሊት ሌሊት ትጓዛለች። በሺዎች የሚቆጠሩ ደሴቶች ባሉበት ባሕር አንዲት ብትጨመር ማን ልብ ይላል? በማርች 20 አውስትራሊያ፣ ጄራልድተን ወደብ ደረሰች። በአካባቢው የነበሩት፣ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ሦስት እህት መርከቦቿ ግን አልቀናቸውም። ሁለቱን የራሳቸው ሰዎች ለጠላት እንዳይተርፉ አሰጠሟቸው። ሦስተኛዋን የጃፓን አጥፊ መርከብ አሰጠመቻት።

ሴፕቴምበር 1942 ላይ ለአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ተሰጠች። ኔዘርላንዳውያን፣ እንግሊዛውያንና አውስትራሊያውያን አብረው አገለገሉባት። ሥራዋ የጭነት መርከቦችን ማጀብ ነበር። ጃንዋሪ 1943 ላይ ሰርጓጅ መርከብ ያገኘች መስሏት በውኃ ውስጥ የሚፈነዱ ቦምቦች ጣለች። ችኮላ ሆነና ፍንዳታው ራሷኑ ነቀነቃት፤ ቱቦዎቿ ተጎዱ፣ የታችኛው አካሏ ማያያዣዎችም ላሉ። ለጥገና አንድ ሳምንት ከውኃ ወጥታ ቆመች። የሰርጓጇ ስባሪ ግን አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ወደ ኔዘርላንድስ ባሕር ኃይል ተመለሰች። ከ1960 በኋላ ወጣት ባሕረኞች ሠለጠኑባት። በ1995 በኔዘርላንድስ የዴን ሄልደር ከተማ የባሕር ኃይል ሙዚየም ተረከባትና የጦርነት ጊዜ ቅርጿን መለሰላት።