ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ዓይን ምን ይናገራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጁ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ያድራል። ጠዋት ያንዘፈዝፈዋል፤ ከዚያ ቢጠሩት አይሰማም። «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» የምንለው ይህንን ነው፤ ሐኪሞች የአንጎል ወባ ይሉታል። አምጪው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ነው። ስለዚህ በሽታና ስለ ዓይን የሚባሉ አንዳንድ ነገሮች መታረም አለባቸው።

«ያንዘፈዘፈው ቡዳ ነው»

ትኩሳት ያለው ልጅ ከተንዘፈዘፈ ወይም ራሱን ከሳተ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ነው። ጸበሉ አይጠፋም፤ ልጁ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊያመልጠን ይችላል።

«ዓይኑ ቢጫ ካልሆነ አይከፋም»

ዓይን ቢጫ የሚሆነው ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ወይም ጉበት ሲጎዳ ነው። ቀላል ነገር አይደለም። ግን ስለ አንጎል አይነግረንም። የአንጎሉ ነገር የሚታየው ዓይን ውስጥ በስተኋላ ባለው፣ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና ላይ ነው። ወባ የያዛቸው የደም ሴሎች በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ተጣብቀው መንገድ ይዘጋሉ። ሬቲና ላይም የሚሆነው ያው ነው። ልዩነቱ፣ ሬቲናን በመብራት ማየት ይቻላል።

ሐኪሙ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጋል። ብሌኑ ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ ግን አስቀድሞ ማየት አለበት፤ ከጠብታው በኋላ ያ ምልክት ይጠፋል። ከዚያ የዓይኑን ቆብ በጣቱ ገልጦ ኦፍታልሞስኮፕ በተባለው፣ መብራት ባለው የዓይን ውስጥ ማያ መሣሪያ ያያል። የአንጎል ወባ ከሆነ ሬቲናው ቦታ ቦታውን ነጣ ብሏል። ቀይ መሆን የነበረባቸው የደም ሥሮች ብርቱካናማ ወይም ነጭ ሆነዋል፤ ተሕዋሲው የደሙን ቀለም በልቶታል። መሃላቸው ነጭ የሆነ ቀያይ የደም ነጠብጣቦችም አሉ።

«ኮማ ውስጥ ነው፣ ደሙም ውስጥ ወባ ተገኝቷል፤ ሌላ ምን ይመረመራል?»

ብዙዎችን የሚያሳስተው ይሄ ነው። ወባ በበዛበት አገር ብዙ ልጅ ተሕዋሲውን በደሙ ይዞ ምንም ሳይሰማው ሲጫወት ይውላል። ይህ ልጅ በሌላ በሽታ ራሱን ቢስት፣ ደሙ ሲመረመር ወባ ይገኛል፤ ጥፋቱም ወባ ላይ ይለጠፋል። ማላዊ ውስጥ፣ ብላንታየር ከተማ፣ ዶክተር ቴሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ ይህንን አጣርተዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ «የአንጎል ወባ» ተብለው ከሞቱ 31 ሕፃናት የ7ቱ ሞት ምክንያት ሌላ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ በሕይወት ሳሉ ከታዩት ምልክቶች ሁሉ እውነተኛውን የአንጎል ወባ በደንብ የለየው የሬቲናው ምልክት ነበር። ሰባት ልጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሌላ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው አልቀረም።

«ሬቲናው ንጹህ ከሆነ የወባ መድኃኒቱ ይቁም»

አይቆምም። በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔት ይቀጥላል። ጎን ለጎን ማጅራት ገትርና ሌላም ምክንያት ይፈለጋል። የደም ስኳርም ይታያል።

«ምልክቱ አለ ከተባለ፣ ብዛቱ ምን ለውጥ ያመጣል?»

ብዙ ለውጥ አለው። ነጠብጣቡ በበዛ ቁጥር በሽታው ይከፋል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን የዓይን ነርቭ ከሬቲና ጋር የሚገናኝበት ክብ ቦታ ሲያብጥ ነው። ራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሯል ማለት ነው። እዚያው ብላንታየር የአንጎልን ምስል በሚያነሳው መሣሪያ፣ በኤምአርአይ፣ በተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከሞቱት 25 ሕፃናት የ21ዱ አንጎል ሆስፒታል ሲገቡ ጀምሮ ክፉኛ አብጦ ነበር። ከተረፉት 143 ግን እንዲያ የሆኑት 39 ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ልጅ ለደቂቃም ከዓይን መጥፋት የለበትም።

«ዓይኑ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ይታወራል»

እናቶችን የሚያስጨንቀው ይሄ ነው። ልጁ ከተረፈ የሬቲናው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ እይታውንም አይወስድበትም። ከነቁ በኋላ የማያዩ ጥቂት ልጆች አሉ። የእነሱ ችግር ብዙውን ጊዜ ዓይናቸው ሳይሆን አንጎላቸው ውስጥ ያለው የማያ ክፍል ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ማየት ይጀምራሉ። እናትየው ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት የሆነ ቀለም ያለው ነገር ፊቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ታድርግለት። በዓይኑ ካልተከተለው እዚያው ለሐኪሙ ትንገር።