የአሜሪካ «ኧርሊ ጎልድ» ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1822 ፊላደልፊያ ውስጥ 17,796 የአምስት ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች እንደታተሙ የማተሚያ ቤቱ መዝገብ ይናገራል። ዛሬ ያ ዓመት የተጻፈባቸው የሚታወቁት ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ንብረት ናቸው። ሦስተኛው በ2021 ለጨረታ ቀርቦ በ8.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሌሎቹስ የት ገቡ?

ሰብሳቢዎች «ኧርሊ ጎልድ» የሚሉት ከ1795 እስከ 1834 አጋማሽ የታተመውን የአሜሪካ ወርቅ ነው። የአስር ዶላሩ «ንስር» ይባላል። አምስቱ «ግማሽ ንስር»፣ ሁለት ተኩሉ ደግሞ «ሩብ ንስር» ነው። ሁሉም 22 ካራት ናቸው። የሚገርመው፣ የመጀመሪያዎቹ ላይ ዋጋቸው አልተጻፈም። ገልብጣችሁ ብታዩም አታገኙትም። ግማሽ ንስሩ ላይ «5 ዲ»፣ ማለትም አምስት ዶላር፣ የሚል ጽሑፍ የመጣው በ1807 ነው። እስከዚያ ሰው የሚለያቸው በመጠናቸውና በክብደታቸው ነበር። ገንዘቡ ወርቁ ራሱ ነበር።

ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው። የ1792ቱ ሕግ አንድ እጅ ወርቅ 15 እጅ ብር ያወጣል ብሎ ወሰነ። ፈረንሳይ ደግሞ በ1803 15 ተኩል አደረገችው። እስቲ በነጋዴ ዓይን እዩት። ሰውዬው አሜሪካ ውስጥ በ15 ኪሎ ብር አንድ ኪሎ ወርቅ ይይዛል። ፓሪስ ሲያደርሰው 15 ኪሎ ተኩል ብር ይቆጠርለታል። ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን አያልፈውም። ወርቁ ገበያ ሳይውል መርከብ ላይ ይጫናል፣ ባሕር ማዶ ሄዶ ይቀልጣል። የአስር ዶላሩ ንስርማ በ1804 ቆሞ እስከ 1838 አልተመለሰም።

በ1834 ኮንግረስ የሳንቲሙን ወርቅ ቀነሰው። 8.75 ግራም የነበረው ግማሽ ንስር 8.36 ሆነ፣ ጥራቱም ትንሽ ወረደ። በአዲሱ ልክ ሲሰላ አሮጌው ሳንቲም አምስት ዶላር ከ33 ሳንቲም ገደማ የሚያወጣ ወርቅ አለው። ታዲያ ማን በአምስት ዶላር ይመነዝረዋል? ከቀሩትም ብዙዎቹ እሳት ገቡ። ዋጋቸው ነው ያጠፋቸው።

የተረፉትን በማጉያ መነጽር ስታዩ ብዙዎቹ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ጀማሪ ሰብሳቢ አንድ ግድየለሽ ያበላሸው ይመስለዋል። የሞረድ ምልክት ነው። ክቡ ጥፍጥፍ ከመታተሙ በፊት በሚዛን ይለካ ነበር። ከበደ ማለት ሠራተኛው ሞረዱን አንስቶ ልኩ እስኪደርስ ይሞርደዋል። ማተሚያው ከላይ ሲመታው ጭረቱ ይደፈጠጣል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከታተመ በኋላ የመጣ ጭረት ግን ምስሉን ራሱን ቆርጦ ያልፋል፤ ያኛው በእርግጥም ጉዳት ነው።

እኔ ከሚያብለጨልጨው ይልቅ የሞረዱ ምልክት ያለበትን እወዳለሁ። ስሙ የማይታወቅ ሠራተኛ፣ ሚዛኑ ፊት ተቀምጦ፣ ቅንጣት ወርቅ ሲያራግፍ ይታየኛል። እንዲህ ያለ ሳንቲም እጃችሁ ከገባ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ እዩት። አቧራ ቢኖረውም፣ ቢደበዝዝም አትወልውሉት። በጨርቅ ሁለት ጊዜ መታሸት ብቻ ዋጋውን ክፉኛ ይጥለዋል።