ስለ ቆዳ ፍላት ጫማ ሚወሩ ግን ልክ ያልሆኑ ነገሮች

ፍላት ስል ያቺን አፏ ክብ፣ ከላይ ክፍት፣ ታኮ የሌላትን፣ የባሌት ዳንሰኞች ሚያደርጓትን ምትመስለውን ማለቴ ነው። በቆዳ በእጅ የተሰራች ስትሆን ደግሞ ወሬው ይበዛል።

"በእጅ ከተሰራ ጠንካራ ነው።" ሁሌ አይደለም። መርካቶ ሸራ ተራ ብትሄጂ ብዙው ጫማ በእጅ ነው ሚሰራው፣ ቆዳው ፎርማ ላይ (የእግር ቅርጽ ያለው ማውጫ) ይወጠርና ሶሉ በማስቲሽ ይለጠፋል፣ ጎበዝ ሰራተኛ እጅ ከገባ እሱም ይቆያል፣ ካልሆነ ግን ክረምት ሲገባ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ በእጅ ነው ወይ ከሚለው በፊት በምን ተሰራ፣ እንዴት ተያያዘ በይ። ውስጥ ያለውን መርገጫ ከጠርዙ ቀስ አርገሽ አንሺው፣ ከስሩ ካርቶን ካገኘሽ እኔ ብሆን ሰላም ብዬ እወጣለሁ። ቆዳ ከሆነ የእግርሽን ቅርጽ እየያዘ ነው ሚሄደው።

"ስፌት ካልታየኝ አልተሰፋም።" ይሄ ብዙ ሰው ይሸውዳል። የፓሪሱን የጫማ ብራንድ ሬፔቶን እንይ፣ ሮዝ ሬፔቶ በ1947 እ.ኤ.አ. ለዳንሰኛ ልጇ ብላ ነው የዳንስ ጫማ መስራት የጀመረችው፣ በ1956 ደግሞ ተዋናይቷ ብሪዥት ባርዶ እንደ ዳንስ ጫማ ሚመች ግን መንገድ ላይ ሚደረግ ስሪልኝ አለቻት፣ ያቺ ፍላት እስከዛሬ ትሸጣለች። አሰራሯ ምን መሰለሽ፣ ጫማው ውስጡ ወደ ውጪ ሆኖ ከቆዳ ሶሉ ጋር ይሰፋና ከዛ እንደ ካልሲ ይገለበጣል፣ ስፌቱ ውስጥ ይቀራል። በተቃራኒው ላስቲክ ሶል ዳር ላይ ተደርድሮ ምታዪው ክር ብዙ ጊዜ ከሶሉ ጋር አብሮ የታተመ ጌጥ ነው 😅

"ስስ ቆዳ ቶሎ ይቀደዳል።" የኛ አገር የደጋ በግ ቆዳ ስስ ነው፣ ውጪ ሚፈለገው ግን በዚሁ ነው፣ የጎልፍ ጓንት ሳይቀር ይሰራበታል፣ ስስም ጠንካራም ስለሆነ። የባቲ ፍየል ቆዳም ስም ያለው ነው። ፍላት ላይ ወፍራም ቆዳ እንዲያውም ተረከዝ ይልጣል።

"ቆዳ ስለሚለቅ አንድ ቁጥር አሳንሺ።" ኧረ ተይ! ቆዳ ሚለቀው ወደ ጎን ነው፣ በርዝመት አይጨምርልሽም፣ አውራ ጣትሽ ዛሬ ከነካ ከስድስት ወር በኋላም ይነካል። ማስበለጥም አያዋጣም፣ ማሰሪያ ስለሌለው ተረከዝሽ ላይ እየወለቀ ያስቸግርሻል። እግር ቀን ሲዋል ስለሚያብጥ ወደ ማታ ለክተሽ ግዢ።

"ሲንተቲክም ካላደረግሽው አይበላሽም።" ፖሊዩሬቴን የሚባለው የፕላስቲክ አይነት ከሆነ የአየር እርጥበት ብቻውን ይበላዋል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ይላላጣል።

"ታኮ ስለሌለው ለእግር ጤና ነው።" ለሁሉም አይደለም፣ ሶሉ ስስ ነው፣ ውስጥ እግርን ሚደግፍም የለውም፣ ተረከዟን ሚያማት ሰው ቀኑን ሙሉ ባትቆምበት።

"ኦርጅናል ሌዘር ዝናብ አይፈራም።" ይፈራል። ከራሰ ጋዜጣ ጠቅጥቀሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው፣ ከሰል አጠገብ ካስቀመጥሽው ደርቆ ይሰነጠቃል።

"ሶሉ ካለቀ አበቃ።" የቆዳ ሶል ኮብልስቶን ላይ ቶሎ ያልቃል፣ እሱን አልክድም። ግን ጫማ ሰፊው ጋር ገና አዲስ እያለ ስስ ጎማ አስለጥፊበት፣ ጎማው ሲያልቅ እሱን ብቻ ታስቀይሪያለሽ። ቀዳዳው ስፌቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ይዘሽለት ብትሄጂ ግን እሱም ብዙ ሚያደርግልሽ ነገር የለም።